የሙሽሪት ማሞቂያ

ከአሮጌዋ ሚኒባስ ሥር ብቅ ያሉት ሁለት እግሮች የማን እንደሆኑ መጀመሪያ የለየችው ጎረቤቷ ናት። ጥቁር ካልሲ፣ ጥቁር የቤት ጫማ፤ የግራው ጫማ ተረከዙ ላይ በሐር ክር ተጥፏል። በዚያ ሰፈር የቤት ጫማ በሐር ክር የሚጥፍ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ልብስ ሰፊዋ ናት። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ባሏን የቀበረችው በዚሁ ሳምንት ነው።

«ኧረ በፈጣሪ!» አለች ጎረቤቷ። «ሳሎን ሙሉ ሰው ሊያጽናናሽ ተቀምጦ አንቺ እዚህ ትጋደሚያለሽ?»

«እርስ በርሳቸው ይጽናኑ፤ መጣሁ» አለ ድምፅ ከሥር። «ይልቅ ካቻቢቴዋን አቀብዪኝ። ቀይ እጀታ ያላትን፣ ብሎን መፍቻዋን።»

ጎረቤቷን ሰፈርተኛው «ሬዲዮ» ነው የሚላት፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ካቻቢቴዋን አቀብላ ወደ ሳሎን ተመለሰች፤ የቡና ስኒ ከጠረጴዛ ተነስቶ አፍ እስኪደርስ ነገሩን ያልሰማ ለቀስተኛ አልቀረም። አንዷ «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። የሟች ታናሽ ወንድም «ተዉአት፣ ምክንያት አላት» አለ። ትልቁ ልጇ ግን ምክንያቱ እሱ ነበርና ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ነገሩ የተጀመረው በቀብሩ ማግስት ነው። ሰው በሞላበት ልጅየው እናቱ ጎን ቁጭ አለና፣ ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ሲመራ በሚናገርበት ለስላሳ ድምፅ፣ ሙሽሪትን የሚገዛ ሰው እንዳገኘ፣ ሰውዬውም እሑድ መጥቶ እንደሚወስዳት ነገራት። ሙሽሪት ማለት ሚኒባሷ ናት።

«ማን ሽጥ አለህ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እማዬ፣ ግቢ ውስጥ ቆማ ከመዛግ በቀር ምን ትሠራልሻለች?»

«ባሕሩ ዳር እሄድባታለሁ። ወፎቹን አያለሁ።»

ወፎቹን የማያውቅ ዘመድ የለም። በብርድ ወራት ከሩቅ መጥተው ባሕሩ ዳር ያለው ሜዳ ላይ የሚሰፍሩ ነጫጭ ወፎች ናቸው። ሟች የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። በዚያ ባለፈ ቁጥር በመስኮት እያያቸው፣ ቤት ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ዛሬም ነበሩ፤ ሜዳው ነጭ ሆኗል» እያለ ለሚስቱ ሲያወራላት ኖሯል። ጡረታ ስወጣ ይዤሽ ሄጄ አሳይሻለሁ ብሏት ነበር።

«ብቻሽን? በዚህ ብርድ?»

«መንጃ ፈቃድ አለኝ። ያስተማረኝም አባትህ ነው፤ እየጮኸብኝም ቢሆን።»

«መንዳቱን መች አልኩ እማዬ! ብርዱ ነው። አባዬን በዚህ ሳምንት ቀብሬ አንቺን በሚቀጥለው አልቀብርም።» ከትከሻዋ የወረደውን ሹራብ መለሰላት። «ማሞቂያው ቢሠራ እኮ አንዲት ቃል አይወጣኝም ነበር።»

«ምን አልክ?»

«ማሞቂያው ቢሠራ ኖሮ ነው ያልኩሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ለቀስተኛው ዞረች። «ሰምታችኋል አይደል? ሁላችሁም ምስክር ናችሁ።»

ይኸው ነው እንግዲህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ተነስታ ጥቁሯን ትለብሳለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፣ አልቅሳ ታስለቅሳለች፣ ከዚያ «አንዴ መጣሁ» ብላ ትወጣና ሙሽሪት ሥር ትገባለች።

ስለ ማሞቂያው ደግሞ ይነገር። ሹፌሩ ጡረታ ሲወጣ ሰው አሁንስ አርፎ ይቀመጣል ሲል፣ እሱ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ እየነዳ መጣ። ውስጧ አልጋ አላት፣ ትንሽ ምድጃ አላት፣ ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ሥር ደግሞ በናፍጣ የሚሠራ ማሞቂያ አላት። ቀለሟ ተልጦ፣ አንድ መብራቷ ጠፍቶ፣ በሯ ካልተረገጠ የማይዘጋ ሆኖ ሳለ «ሙሽሪት» ብሎ ስም አወጣላት። ልብስ ሰፊዋ ዙሪያዋን አይታ «ሙሽራዋ እንዲህ ከሆነች አማቷ ምን ትመስል ይሆን?» ብትለው፣ ግቢው በር ላይ ቆሞ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

የተገዛች ቀን ማሞቂያው እንደ ጉድ ሠርቶ ነበር። ሻጩ ማብሪያውን ጠመዘዘላቸው፤ ጥቂት ሳይቆይ ልብስ ሰፊዋ ሹራቧን አወለቀች፣ ሹፌሩ ግንባሩን ጠረገ። ሙሽሪት ቤት ከገባች በኋላ ግን አንድ ቀን ሠርቶ አያውቅም። ማብሪያው ሲዞር ማራገቢያው ይነሳል፤ ናፍጣ የሚገፋው ፓምፕ ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ ይላል፤ ሰው እጁን ዘርግቶ ሙቀት ሲጠብቅ ቀዝቃዛ አየር ፊቱ ላይ ይተነፍስበትና ጸጥ ይላል። ሹፌሩ «ሻጩ ጉድ ሠራን!» ብሎ ፎከረ። ከዚያ ፈታው። ገጠመው። እንደገና ፈታው። ፓምፑን ቀየረ፣ ፊውዙን ቀየረ፣ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቀየረ፣ በመጨረሻ ከመያዣው ሳጥን በቀር ያልተቀየረ ነገር አልቀረም። «ሚስትህን ብቻ ነው ያልቀየርካት» ትለዋለች፤ እሱም ከሥር ሆኖ «እሷን የሚገጥም መለዋወጫ የለም» ይላታል።

ለቅሶው በሁለተኛው ቀን ወደ ግቢ ወጣ። መጀመሪያ የሟች ወንድም ነበር የወጣው። ኤሌክትሪሺያን ነውና እጁ በላው። ጥቁር ኮቱን አውልቆ የግቢው በር ላይ ሰቀለና «እኔ ያኔውኑ ነግሬው ነበር፤ የሽቦ ነገር ነው» አለ።

«ስታውቅ ለምን አልሠራህለትም?» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

«ያስነካኛል እንዴ? ወንድሜን ታውቂው የለ! ካቻቢቴ ባነሳሁ ቁጥር ‹አንተ አምፖልህን ቀይር› ነበር የሚለኝ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁና ደግሞ ሁለቱም ተያይተው ዓይናቸውን አበሱ። እሱን ተከትሎ አንዱ ወጣ፣ አንዱን ተከትሎ ሌላው። ከረባት ያሰሩ ሽማግሌዎች ሙሽሪትን ከበው ቁጢጥ አሉ። ሊያለቅስ የመጣው ሁሉ ባትሪ ማብራት ጀመረ። የአጎቷ ልጅ የሟችን ደግነት እያነሳ እያለቀሰ ፒንሳ ያቀብላል፤ ሬዲዮ ደግሞ ሳሎን ለቀሩት «አሁን ፓምፑ ወጣ፣ አሁን ቱቦው ሊወጣ ነው» እያለች ትዘግባለች። የጢስ መውጫው ማርሚታ ተጠረገ፤ ውስጡ የአይጥ ጎጆ ተገኘና እልል ሊባል ምንም አልቀረውም። ግን ማብሪያውን ሲያዞሩት ያው ጢቅ ጢቅ፣ ያው ቀዝቃዛ ትንፋሽ።

ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን ሁሉ ፈትሾ ጥፋት ሲያጣበት ተናደደና ከነዳጅ ታንኩ ለማሞቂያው ናፍጣ የሚስበውን ቀጭን ቱቦ ነቅሎ አወጣ። የተደፈነ አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ከአንገቷ የማይለየውን ሜትር ዘረጋችና ቱቦውን ለካች፤ ቀጥሎ ዱላ ከትታ የታንኩን ጥልቀት ለካች። ዓይኗ ማጠሩን ቀድሞ አይቷል። ሰው ሱሪ ሊያሰፋ በሯ ላይ ሲቆም እግሩን ሳትለካ የምታውቅ ሴት ናት።

«ይሄ ታች አይደርስም እኮ» አለች። «አጥሯል።»

«አልተቆረጠም፤ እንዲህ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው።»

«ለምን?»

«እትዬ፣ እኔ ፋብሪካ ነኝ እንዴ?» አለና መልሶ ከተተው።

ቅዳሜ ጠዋት ለቀስተኛው ሳይበዛ ብቻዋን ሙሽሪት ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፣ በራሷ ወንበር፣ ከሹፌሩ ጎን። ሰማዩ ጠርቶ፣ መስታወቱ ከውስጥ በረዶ ሠርቶበት ነበር። ከመሪው ኋላ የሱ ጓንቶች አሉ፤ ራሷ የሠራችለት የሱፍ ጓንት ነው፣ ብሎን በጣቱ እንዲለይ ጫፍ ጫፉ የተቆረጠ። ግሪስ ጠጥቶ ደርቋል።

ስንት ጊዜ ጀምረው ስንት ጊዜ ተመለሱ! ያለፈው ዓመት ትዝ አላት። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ አደሩና ሲነጋ ውሃው በጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ተገኘ። እሱ ብርድ ልብሱን አልብሷት፣ ኮቱን ደርቦላት፣ ጓንቶቹን እጇ ላይ አጥልቆላት፣ ራሱ በሸሚዝ ቁጭ ብሎ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «እኔን ሞቆኛል» ይላታል። «ጥርስህ ምን ሆኖ ነው ታዲያ?» ብትለው «እየዘፈነ ነው» አላት። አፍንጫዋ ቀልቶ እንባዋ ሲወርድ አይቶ ግን መሪውን አዞረ። ሁሌም የሚያዞረው በሷ የተነሳ ነው። ሙሽሪትን ግቢው ውስጥ ሲያቆማት «ለከርሞ አሳይሻለሁ፣ በሕይወቴ!» አለ።

ጉዞው የተቋረጠው ሌላ ጊዜ ደግሞ በናፍጣ ነበር። ይሄ ሰው እጁ ለሁሉም የተፈታ ነው፤ መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ ይሳፈራል፣ ምሳውን ለሌላ ሰጥቶ ጾሙን ይውላል። ለነዳጅ ታንክ ሲሆን ግን እጁ ይጨበጣል። ገና ጎረምሳ ሹፌር ሳለ ጢም አድርጎ የሞላውን አንድ ታንክ ናፍጣ ሌቦች በጎማ ቱቦ መጥጠው ወስደውበታል። ከዚያ ወዲህ «ሙሉ ታንክ የሌባ ማዕድ ነው» እያለ ለዛሬ የምትበቃውን ብቻ ጠብ ያደርጋል። የሙሽሪት የነዳጅ ጌጅ ላይ ያለችው መርፌ ከቀዩ መስመር አጠገብ ተኝታ ነው የምትኖረው። እሱም በጥፍሩ መስታወቱን ቀጭ ቀጭ ያደርግና «ይበቃናል» ይላል። አይበቃቸውም። ያን ጊዜ ለጓደኞቹ ስልክ ይደወላል፤ ከአውቶቡሶቹ አንዱ በዚያ ሲያልፍ ጀሪካን ጥሎላቸው ይሄዳል።

«አንተ ሰውዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ ወደ ባዶው ወንበር። «ምናለ አንድ ነገር እንኳ ጨርሰህ ብትሄድ?» ተናዳ ነበር፣ ከልቧ ተናዳ። ቀጥሎ ግን ግንባሯን የማሞቂያው አየር መውጫ ላይ ደፍታ አለቀሰች፤ ሳሎን ውስጥ ከሰው ጋር የሚለቀሰው ዓይነት ሳይሆን፣ «ናፈቅኸኝ፣ ናፈቅኸኝ» እያለች። ነገ እሑድ ነው። ገዢው ይመጣል፣ ሙሽሪት ትሄዳለች፣ እሷም ልጇ ቤት ፎቅ ላይ መስኮት ዳር ትቀመጣለች። እያበላ እያጠጣ ይንከባከባታል፤ ጥሩ ልጅ ነው። ያስለቀሳትም ይኸው ነው።

እሑድ ከገዢው ቀድመው የደረሱት የሟች የሥራ ጓደኞች ነበሩ። በቀብሩ ቀን ሩቅ መስመር ላይ ስለነበሩ አልደረሱም። መሪያቸው «ቀጮ» የሚባለው ነው፤ በሩን ለማለፍ ጎኑን ማዞር ያለበት ሰው ነው። እያንዳንዳቸው ጀሪካን ይዘዋል። አበባ የጠበቀው ለቀስተኛ ግራ ገባው።

ቀጮ ጀሪካኑን ልብስ ሰፊዋ እግር ሥር አስቀምጦ አቀፋት፤ ጠፋች እቅፉ ውስጥ። «እትዬ፣ ምን ይዘን እንሂድ ተባባልን» አለ እያለቀሰ። «ዕድሜውን ሙሉ ናፍጣ ሲለምነን ኖረ። በሱ ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሙሽሪትን እናጥግባት አልን።»

ልብስ ሰፊዋ በእንባዋ መሀል ሳቀች። ሳሎኑም ሳቀ። ኤሌክትሪሺያኑ ብቻ «ኧረ ሊወስዳት ነው ሰውዬው! ለገዢው ነው የምትሞሉለት!» ብሎ ጮኸ። ማን ይሰማዋል? የታንኩን ክዳን ከፍተው፣ ማጥለያ ሰክተው፣ ጀሪካኑን አንድ በአንድ ገለበጡት፤ ታንኩ እየተንደቀደቀ ጠጣ። ቀጮ የመጨረሻዋን ጠብታ ሲያንጠፈጥፍ «ነፍስ ይማር፣ ጠግበሃል» አለ።

ገዢው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ትሑት ሰው ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳ፣ አጽናና፣ ከዚያ አፍሮ «ማሞቂያው ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ።

«አይሠራም» አለ ልጅየው። «ሠርቶም አያውቅም።»

«እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ገብታ ማብሪያውን አዞረችው።

ማራገቢያው ተነሳ። ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ። ጸጥ። በሩ ላይ የተጋፋው ለቀስተኛ ተነፈሰ። ልጅየው የእናቱን ትከሻ ያዝ አደረገና «በቃ እማዬ» አላት። እጇ ግን አልሰማም፤ ደግሞ አዞረችው። ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ... ከማርሚታው ነጭ ጢስ ቡፍ አለና ሬዲዮን አሳላት። ከወንበሩ ሥር የሚያጓራ ድምፅ ተነሳ፣ ምድጃ ሲያያዝ የሚሰማው። ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘረጋች። ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ነው። ለብ አለ።

«ኧረ ሞቀ» አለች፤ ሌላውን እጇንም ዘረጋች። «ሞቀ!»

ኤሌክትሪሺያኑ ሰው ገፍቶ ገባ። «ማን ነካው? ምን ተደረገ?»

«ምንም!» አሉት በአንድ አፍ። «ናፍጣ ብቻ!»

የልብስ ሰፊዋ ዓይን ጌጁ ላይ ተተከለ። መርፌዋ ሽቅብ ቆማለች፤ እዚያ አይታት አታውቅም። ከዚያ ያቺን አጭር ቱቦ አሰበች፣ ዱላውንም፣ ሜትሩንም።

«አልደረሰውም» አለች። «ቱቦው አጭር ነው፤ ናፍጣው ታች ሲሆን አይደርስበትም። ስትገዛ የሠራው ሻጩ ታንኩን ስለሞላው ነው። ከዚያ በኋላማ... እናንተ ሰዎች፣ ከሩብ በላይ ሞልቶ እኮ አያውቅም!»

«ታዲያ ለምን አሳጠሩት?» አለች ሬዲዮ።

ቀጮ ሆዱን ይዞ ነበር። «ማሞቂያው ናፍጣውን ጨልጦ መንገድ ላይ እንዳያስቀራችሁ ነዋ!»

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አልታወቀም። ግቢው ግን ተናጋ። ከረባት ያሰሩት ሽማግሌዎች ጎማ ላይ ተደግፈው ሳቁ፤ ኤሌክትሪሺያኑ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ «ወንድሜን! ወንድሜን! ሁሉን ፈትቶ ገጠመው እኮ!» እያለ ጉልበቱን መታ። ልብስ ሰፊዋ ጎኗን እስኪያማት ሳቀች፤ «ይበቃናል፣ ይበቃናል እያለ!» ማለት ብቻ ነበር የቻለችው።

ያልሳቀው ትልቁ ልጅ ነው። ወንበሩ ሥር ተንበርክኮ እጁን አየር መውጫው ላይ አድርጓል፤ መዳፉን ገለጠው፣ ገለበጠው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንድ ዘለላ እንባ ያልወጣው ልጅ እዚያው ሙቀቱ ላይ ተደፍቶ «አባዬ» ብሎ ፈነዳ። ሳቁ ቆመ። እናቱ ራሱን ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ እስኪበቃው፣ ፀጉሩን እየዳበሰች ጠበቀችው።

ገዢው ደጅ ላይ ኮፍያውን ያሽከረክራል። «እንዲህ የምትሞቅ ከሆነችማ» አለ በትሕትና «አሁኑኑ እወስዳታለሁ።»

ልጅየው አፍንጫውን ጠርጎ ቀና አለ። እናቱን አያት፣ ለቀስተኛውን አየ። ሁሉም ዓይናቸው እሱ ላይ ነው፤ ምስክሮች ናቸዋ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለው። «አትሸጥም። ማሞቂያው ሠራ።»

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ተመናመነ። ሬዲዮ ወሬውን ይዛ ሰፈር ወጣች፤ ቀጮና ጓደኞቹ ባዶ ጀሪካናቸውን ሰብስበው ሄዱ። ልጅየው የሙሽሪትን ጎማ በእግሩ መታ መታ አድርጎ በመስኮት አንገቱን አስገባ። እናቱ በሹፌሩ ወንበር ተቀምጣለች።

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ሰው መምጣቱን ሲያቆም። ወፎቹ አይጠብቁኝም።»

«በደረስሽበት ሁሉ ትደውያለሽ።»

«እደውላለሁ።»

«ነዳጅ ከግማሽ ሲወርድ ትሞያለሽ።»

«እሺ አባቴ» አለችው፤ እሱም እየሳቀ ወደ ቤት ገባ።

ብቻዋን ቀረች። ማሞቂያው ያጓራል። ሙቀቱ ቁርጭምጭሚቷን፣ ጉልበቷን አልፎ ደረቷ ደረሰ፤ የመስታወቱ ጉም ከታች ወደ ላይ እየጠራ ሄደ። ሹራቧን አወለቀችና አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ አኖረችው። ከመሪው ኋላ ጓንቶቹን አነሳች። ደርቀው፣ የእጁን ቅርጽ እንደያዙ ናቸው። አየር መውጫው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው፣ ጣት ጣታቸውን አስተካክላ። አንዱ ጎናቸው ሲሞቅ ገለበጠቻቸው።